ቤት መጀመሪያ በደብተር ይሠራል

በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የምትኖሩ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች! ዛሬ ስለ ቤት እንጫወት።

እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። የራሴን ጎጆ ገና አልቀለስኩም። «ታዲያ ይህ ልጅ ስለ ቤት አሠራር ምን ያውቅና ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ቋሚ መትከልን፣ ማገር ማሰርን፣ ጭቃ ማቡካትን ያየሁት ከእናንተ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የተሠራ ቤት ሳይሆን የፈረሰ ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ከዳባት አለፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በሬ ሸጠና ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ቤቱ በሦስት ሳምንት አለቀ። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ! ቀልጣፋ ነህ» አለው። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በአንዲት ሌሊት በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ ተንዶ ወደ ውስጥ ወደቀ። የወደቀው ልጆቹ በሚተኙበት መደብ ላይ ነበር። ደግነቱ በዚያች ሌሊት ብርዱ ጠንቶባቸው ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ምድጃ ዳር ተኝተዋል። እንግዲህ ነፍሳቸውን ያዳነው ብርዱ ነው እንጂ የቤቱ ጥንካሬ አይደለም።

ጠዋት ስንደርስ አጎቴ ጭቃው ላይ ቆሞ «የበሬዬን ዋጋ ውሃ ወሰደው» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

በኋላ ሽማግሌዎቹ ፍራሹን ዞረው ሲያዩ ጥፋቱ ሦስት ሆኖ ተገኘ። አንደኛ፣ ቋሚዎቹ ያለ ድንጋይ በለስላሳ አፈር ላይ ተተክለዋል። ሁለተኛ፣ ከቤቱ በላይ ጎርፍ የሚሸኝ ቦይ አልነበረም። ሦስተኛ፣ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው የወጣው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ሦስቱም ቢሆኑ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አልነበሩም። የጠየቁት ቀደም ብሎ ማሰብን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ውሃውን ጠይቁ

ቤት የሚያፈርሰው ማን ነው? ነፋስ ነው? ምስጥ ነው? የጭቃ ቤት ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ በሦስት በር ይገባል፤ ከላይ በጣራው፣ ከጎን በግድግዳው፣ ከታች በመሠረቱ። ከሦስቱ አንዱን በር ክፍት ከተዋችሁ ሁለቱን መዝጋታችሁ አይጠቅምም።

ስለዚህ የቤት ቦታ ስትመርጡ በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። በክረምት፣ ኃይለኛ ዝናብ ገና እንዳባራ ሄዳችሁ ቁሙበት። ጎርፉ በየት መጣ? በየት ወረደ? ውሃ የተኛው የት ላይ ነው? መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከቤቱ በላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ቦይ ቆፍራችሁ ጎርፉን በግራና በቀኝ ሸኙት። አፈሩንም ተመልከቱ። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቀዋል። ሌላ ቦታ ካለ ዋልካውን ለእርሻ ተዉት።

ነፋሱንም ጠይቁት። ረጅም እንጨት ተክላችሁ ጨርቅ እሰሩበትና ጥቂት ሳምንት ተመልከቱ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው። በር በነፋሱ ፊት ከተከፈተ ማታ ማታ የምታነዱት እንጨት ሁሉ ደጁን ማሞቂያ ይሆናል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለቢሮ ነው። ገጠር ከሆናችሁ ቀበሌውን፣ ከተማ ከሆናችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ሳትጠይቁ ጉድጓድ አትቆፍሩ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት በጋራ ይመዘገባሉ። እንግዲህ ቦታው የሁለት ሰው ከሆነ የቤቱም ምክር የሁለት ሰው ነው። ምድጃው የት ይሁን፣ ጎታው የት ይቁም የሚለውን ከእናንተ ይልቅ የምታውቀው ቀኑን ሙሉ እዚያ የምትውለው ሚስታችሁ ናት።

ከግጭ የወረዱት

ቤትን ከባዶ መሬት መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ተራሮች አናት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋም መንደሩ በክልሉ ውስጥ ቀረ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. ግን ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹም እየሰፋ በመሄዱ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሆኑ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ብዙ ሰው ይህን ዜና ሲሰማ ስለ ዋልያ አሰበ። ስለ ዋልያ ማሰብ መልካም ነው። ግን እስቲ ስለ ቤቱም አስቡ። አያት ቅድመ አያት የኖሩበትን ቀዬ ትቶ፣ የለመዱትን ጎጆ ትቶ፣ በከተማ ዳር ባዶ መሬት ላይ ቆሞ «በሩ ወዴት ይዙር? ከብቱስ የት ይደር?» ብሎ እንደ አዲስ መጀመር ቀላል አይደለም። የደጋ ጎጆ በብርዱ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። የከተማ ቤት ደግሞ ሌላ ስፌት ነው።

ክቡን ጎጆ የድሀ ቤት ነው ብላችሁ አትናቁት። በሒሳብ እንየው። ወለሉ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ክብ ቤት ዙሪያው 22 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወለሉ ያው 40 ካሬ ሜትር የሆነ፣ 8 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ዙሪያው 26 ሜትር ነው። ክቡ ለእኩል ወለል ሦስት ሜትር ተኩል ግድግዳ ይቆጥባል። ነፋስ የሚመታው ማዕዘንም የለውም። ወፍራም የሣር ክዳን ደግሞ ሙቀት ይይዛል። አያቶቻችን ይህን በወረቀት ባያሰሉትም በኑሮ ያውቁት ነበር።

ታዲያ ለምን እየቀረ ሄደ? ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስላለው ቀጥ ያለ ጣራ ይወዳል፤ ቀጥ ያለ ጣራ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ግድግዳ ይፈልጋል። ቆርቆሮ እሳት አይበላውም፤ እንደ ሣር በየጥቂት ዓመቱ ክደኑኝ አይልም። ነገር ግን ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይግላል፣ በረዶ ሲጥል ያደነቁራል። ስለዚህ ባለ ቆርቆሮ ቤት የምትሠሩ ሁሉ የኮርኒስን ዋጋ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋም ቢሆን ከባዶ ጣራ ይሻላል። እሳት የሚነድበት ክፍል ላይ ግን የጆንያ ኮርኒስ አትዘርጉ።

ደብተርና ገመድ

አጎቴ ሁለተኛውን ቤት ሊጀምር ሲያስብ የሚሸጠው በሬ አልነበረውም። የነበረው ከፍራሹ የተረፈ ቆርቆሮ፣ በጓሮው የቆመ ባሕር ዛፍና ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ነው። ልጅቱ ደብተሯን አመጣች። እኛም ምድጃ ዳር ተቀምጠን ቤቱን በወረቀት ላይ ሠራነው። እናንተም አብራችሁን ቁጠሩ።

ቤቱ 8 ሜትር በ5 ሜትር ነው። ዙሪያው 26 ሜትር። ቋሚ በየግማሽ ሜትሩ፣ ማለትም በየክንዱ ቢተከል 52 ቋሚ ይፈልጋል። የውስጥ መለያ ግድግዳ ካለ ለብቻው ይቆጠራል።

ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ቁመት አለው። ማገር በየሩብ ሜትሩ ቢታሰር በውስጥ በኩል 10፣ በውጭ በኩል 10፣ በድምሩ 20 ዙር ይሆናል። 20 ጊዜ 26፣ 520 ሜትር። አንዱ የማገር እንጨት 4 ሜትር ከሆነ 130 ማገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ። ክፈፉ ከግድግዳው በሁሉም በኩል 80 ሳንቲም ይውጣ አልን። የጣራው ርዝመት 9 ሜትር ከ60 ሳንቲም ሆነ። ከጣራው አናት እስከ ክፈፉ ጫፍ ያለው ቁልቁለት 3 ሜትር ከ80 ሳንቲም ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቆርቆሮዎች 20 ሳንቲም ተደራርበው ይህን በልክ ይሸፍናሉ። በወርዱ በኩል አንዱ ቆርቆሮ መደራረቡ ተቀንሶ 80 ሳንቲም ቢሸፍን፣ 12 ረድፍ ይሆናል። 12 ረድፍ በሁለት ቆርቆሮ፣ 24። ጣራው ሁለት ክንፍ ስላለው 48 ቆርቆሮ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ለመጀመሪያው ቤት በግምት 60 ገዝቶ ነበር። ከአሥር በላይ ተረፈው። የቀረውንም ከልክ በላይ እያደራረበ ከድኖ ክፈፉን አንድ ስንዝር አስቀረው። ግድግዳውን ከዝናብ የሚያድነው ቆርቆሮ እጁ ላይ ነበር፤ አላወቀውም። የተረፈው ቆርቆሮ የተገዛበት ገንዘብ የመሠረት ድንጋይ ባስጫነለት ነበር። እንግዲህ ቤቱን የጣለው ድህነት ብቻ አልነበረም፤ ያልተቆጠረ ቁጥርም ነበረበት።

ቆርቆሮ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። የውፍረቱ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ከባለ 32 የሳሳ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የተሻለ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ።

መሬት ላይ ስትወርዱ ደግሞ ገመድ ያዙ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በዓይን አትመኑ። ገመዱን ከአንድ ማዕዘን በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው ጎን 4 ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። መካከላቸው ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ካልመጣ ችካሉን አንቀሳቅሱ። በመጨረሻ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሁለቱም በኩል ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በዚህ ቤት 9 ሜትር ከ43 ሳንቲም ይመጣል። እኩል ካልሆኑ ቤቱ ጠማማ ነው፤ ቆርቆሮውም አይገጥምም። ገመድ ላይ የተገኘ ስሕተት ችካል በመንቀል ይታረማል። ጣራ ላይ የተገኘ ስሕተት ግን አይታረምም።

ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጭቃ

መሠረቱን ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ቆፍሩ። ቋሚውን ከተከላችሁ በኋላ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቁ። ከዚያ ከመሬት በላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አዙሩ። ጭቃው ከድንጋዩ በላይ ይጀምር። መሬት የነካ ጭቃ እንደ ኩራዝ ክር ውሃ ወደ ላይ ይስባል። የቋሚውን ልጥ ላጡት፤ አፈር ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብለቡት ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት። ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ እዩ። ቱንቢ ከሌለ በክር ላይ የታሰረ ድንጋይም ያው ነው።

እንጨቱ ከየት ይምጣ? ጥድና ወይራ የማይነቅዝ ጠንካራ እንጨት ናቸው፤ ኮሶም የደጋችን ጌጥ ነው። ሆኖም የተራራው ደን ለቤት መሥሪያ ሁሉ አይበቃም፤ በፓርኩ ውስጥ መቁረጥም የተከለከለ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስ የብዙ ቤት ቋሚና ማገር ሆኗል። ስለዚህ ቤት የሚጀመረው ከመሠረቱ ሳይሆን ከችግኙ ነው። ዛሬ ልጃችሁ አሥር ዓመት ከሆነው፣ የጎጆ መውጫውን እንጨት ዛሬ ትከሉለት። ብቻ ባሕር ዛፍ ውሃ ጠጪ ነው፤ ከምንጭና ከእርሻ አርቁት።

ጭቃን የሚያበላሸው ችኮላ ነው። አፈሩ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቡካ። ከመምረጋችሁ በፊት በእጅ አንድ ጡብ የሚያህል ጠፍጥፋችሁ አድርቁ። ከተሰነጠቀ ጭድ ጨምሩ። በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ አፈሩ አሸዋ በዝቶበታልና ሌላ አፈር ቀላቅሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። ይህ ሁሉ ፀሐይ ስለሚፈልግ፣ ሥራው አዝመራው ከገባ በኋላ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ገብቶ የተመረገ ቤት አይደርቅም፤ ይሻግታል።

ደቦ ስትጠሩም በቁጥር ጥሩ። ሰው መጥቶ እንጨቱ ካልደረሰ፣ ወይም ማገር ማሰሪያው ካለቀ፣ የሚያልቀው ጠላው ብቻ ነው። ለአንዱ ቀን የቋሚ ተከላ፣ ለሌላው ቀን የማገር፣ ለሌላው ቀን የምርጊት ብላችሁ በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የሰዉን ብዛትና የሚያስፈልገውን ዕቃ ጻፉ።

በቤቱ ውስጥ ማን ይደር?

በደጋ ከብትን ከሰው ጋር ማሳደር የኖረ ልማድ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ከብቱ ያሞቃል፣ ከሌባና ከጅብም ይጠበቃል። ነገር ግን እበትና ሽንት ባለበት ዝንብ ይበዛል፤ ዝንብ ደግሞ የዓይን ማዝ የሚባለውን ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል። ትራኮማ ሳይታከም ሲቆይ ያሳውራል። በዚያው ክፍል የሚነደው የእሳት ጭስም የሕፃናትንና የእናቶችን ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ በረቱ ከቤቱ ጋር ተያይዞ ግን በግድግዳ ተለይቶ፣ በራሱ በር ይሠራ። ጥበቃው አይቀርም፤ ሽታው ይቀራል። ማድ ቤቱም ለብቻው ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተቻለ ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ ተዉ፤ መስኮትም በሁለት ፊት አውጡ። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው በታች በኩል ይቆፈር።

ቆርቆሮው አንድ ተጨማሪ ስጦታ አለው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህ ጣራ 63 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር የሚዘንብ አንድ ዝናብ 630 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ30 በላይ ይሞላል። አሸንዳ ከገጠማችሁ ሴት ልጃችሁ ከወንዝ የምትሸከመው ውሃ ደጃፏ ላይ ይወርድላታል። አሸንዳ ካልገጠማችሁ ያው ውሃ መሠረታችሁን ይቆፍራል። ውሃው አንድ ነው፤ ወዳጅ ወይም ጠላት የሚያደርገው አሸንዳው ነው።

በቃል ያለ ይረሳል

በመጨረሻ ስለ አናጢው። ጥሩ አናጢ ሀብት ነው። ቢሆንም ከወንድማችሁ ጋር እንኳ ቢሆን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የቤቱ ስፋት ስንት ነው? ክፈፉ ስንት ይወጣል? ምስማሩን ማን ይገዛል? ሥራው መቼ ያልቃል? ክፍያውም በደረጃ ይከፈል፤ ቋሚው ሲተከል፣ ጣራው ሲመታ፣ በሩ ሲገጠም። ሁለት እማኝ ይፈርሙበት። የማያነብ ካለ ውሉ ጮክ ተብሎ ይነበብለት። አንዱ ወረቀት በእናንተ፣ አንዱ በአናጢው እጅ ይሁን። ይህ የጠብ ምልክት አይደለም። ጠብ እንዳይመጣ በሩን መዝጋት ነው።

የአጎቴ ሁለተኛው ቤት አምስት ወር ፈጀ። በዚህ ጊዜ «ቀልጣፋ ነህ» ያለው ሰው አልነበረም። እንዲያውም «በወረቀት ቤት ይሠራል ወይ?» ብለው የሳቁ ነበሩ። የመጀመሪያው ክረምት መጣ፤ ነሐሴም መጣ። በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ሌሊት አክስቴ ተነሥታ በኩራዝ ብርሃን በዳገቱ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር። ተመልሳ ተኛች። ልጆቹም መደባቸው ላይ ተኝተው ነበር።

ውድ አንባቢያን! ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ በሬውን ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ካላችሁ ጥሩት፤ እናንተ የምታውቁትን ንገሩት፣ እሱ ይጻፈው፣ አብራችሁ ቁጠሩት። የሰሜን ክረምት ቸኩሎ የተሠራን ቤት ምሕረት አያውቅለትም። ታስቦበት የተሠራውን ግን ዳስሶት ያልፋል።